ሰባ ኩንታል በጨጨሆ በር

ከነፋስ መውጫ ወደ ጋሸና የሚጓዝ የጭነት መኪና ጨጨሆ ላይ ሲደርስ ሹፌሩ ማርሽ ይቀንሳል። ሰፊው የላይ ጋይንት ደጋ እዚህ ቦታ ላይ ይጠብና በግራም በቀኝም ገደል ይሆናል። ከበሩ ወዲያ የደብረ ዘቢጥ አቀበት ይጠብቃል። ሞተር አቅቶት የቆመ መኪና ካለ ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ከኋላ ጎማው ሥር ታኮ ድንጋይ ይወሽቃል። ከ150 ዓመት በፊት በዚሁ በር 70 ኩንታል ያህል የሚመዝን አንድ ወጥ ነሐስ በሰው ጉልበት ብቻ ተጎትቶ አልፏል። ዝሆን የለም፣ የብረት ገመድ የለም፣ ከዚያ በፊት የተጠረገ መንገድም የለም። የነበረው ጠፍር፣ ሠረገላ፣ ዶማና የሰው ክንድ ነው።

ነሐሱ ሴባስቶፖል የሚባለው የአፄ ቴዎድሮስ መድፍ ነው። ስሙ የተወሰደው ንጉሡ ዘውድ በጫኑበት በ1847 ዓ.ም. በክራይሚያ ጦርነት ከበባ ውስጥ ከነበረችው የሩሲያ የወደብ ከተማ ነው። በዓይነቱ ሞርታር ነው፤ አፈሙዙ ሰፊ፣ ቁመቱ አጭር፣ ግድግዳው ወፍራም። እንዲህ ያለ መሣሪያ ጥይቱን ወደ ፊት ሳይሆን ወደ ሰማይ ነው የሚወረውረው፤ ጥይቱ ከግንብ ወይም ከኮረብታ በላይ አልፎ ከጀርባ ይወድቃል። ሥራው እንዲያ በመሆኑ ብዙ ባሩድ መቻል አለበት፤ ብዙ ባሩድ ለመቻል ደግሞ ከባድ መሆን ግድ ነው።

የተቀለጠው ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት በሚባለው ሥፍራ ነው። በ1840ዎቹ መጨረሻና በ1850ዎቹ መጀመሪያ ከስዊዘርላንዱ የቅዱስ ክሪስቾና ሚስዮን የመጡት እነ ዋልድማየር፣ ሳልሙለር፣ ቤንደርና ማየር፣ እንዲሁም ሞሪትዝ ሀል የተባለው ፖላንዳዊ በዚያ ሰፍረው ነበር። ሚስዮናውያኑ የመጡት ወንጌል ሊሰብኩ እንጂ መድፍ ሊሠሩ አልነበረም። ንጉሡ ግን የእጅ ሥራቸውን ፈለጉ። መድፍ ማቅለጥ አናውቅም ቢሉም አልተሰሙም፤ ሞክረው፣ ከሽፎባቸው፣ እንደገና ሞክረው ተሳካላቸው። ከእነሱ ጋር የሠሩትና የተማሩት ኢትዮጵያውያን ስም በአብዛኛው አልተጻፈም። ይህ ለታሪካችን ትልቅ ጉድለት ነው።

መድፉ ብዙ ተብሎለታል፤ በሥዕል፣ በቴአትርና በዘፈን ይታወቃል። ይበልጥ ሊያስደንቅ የሚገባው ግን ጋፋት ላይ የተሠራው ነገር መቅደላ አናት ላይ እንዴት እንደደረሰ ነው። በመካከሉ ያለው አገር ለተሽከርካሪ ፈጽሞ የማይመች ነበርና።

መስከረም 30 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ተነሡ። በዚያ ጊዜ ግዛታቸው በአመፅ ተከብቦ እጅግ ጠቧል፤ እንግሊዞች ንጉሡ ላሰሯቸው ሰዎቻቸው ሲሉ ጦር እያዘጋጁ ናቸው። እስረኞቹ ያሉት መቅደላ ነው። ንጉሡ ሠራዊታቸውን፣ ሴትና ሕፃን ሳይቀር የሰፈሩን ሰው ሁሉ፣ የጋፋት አውሮፓውያንን፣ ሴባስቶፖልንና ሌሎቹን መድፎች ይዘው ወደ ምሥራቅ አቀኑ። ጊዜው ዝናብ ያቆመበት፣ ጭቃው መድረቅ የጀመረበት ነው። ለከባድ ሠረገላ ከዚህ የተሻለ ወቅት በዓመቱ ውስጥ የለም።

የመረጡትን መንገድ ለመረዳት የአካባቢውን መልክዓ ምድር ማየት ያስፈልጋል። ከባሕር ጠለል ከ4,100 ሜትር በላይ የሚቆመው ጉና ተራራ ፋርጣን፣ እስቴንና ላይ ጋይንትን ያገናኛል። ከጉና ወደ ደቡብ ያለው አገር በወንዝ የተሰነጠቀ ነው፤ የታች ጋይንትና የስማዳ መሬት እየተቆራረጠ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ይወርዳል። መቅደላን በአሞራ ዓይን ለሚያይ ሰው በታች ጋይንት በኩል መቁረጥ አጭር ይመስለዋል። ነገር ግን እያንዳንዱ ሸለቆ አንድ መውረድና አንድ መውጣት ነው፤ ለባለ በቅሎ ድካም ነው፣ ለ70 ኩንታል ግን ፍጻሜ ነው። ስለዚህ ጉዞው የውኃ መክፈያውን ሸንተረር ተከተለ፤ ዝናቡ በስተ ሰሜን ወደ ተከዜ፣ በስተ ደቡብ ወደ ዓባይ የሚከፈልበትን ከፍታ ይዞ በጋይንት ጨጨሆ ደረሰ፣ ከዚያም ወደ ዘቢጥና ወደ ዋድላ ወጣ። ቆይቶ ቻይናውያን የወረታ–ወልዲያን መንገድ ሲሠሩም በዚሁ ሸንተረር ነው ያለፉት። መሐንዲሶቹ ቴዎድሮስን ለመከተል ብለው አልነበረም፤ መሬቱ ለከባድ ጭነት ሌላ ምርጫ አይሰጥም።

ሸንተረር መያዝ ብቻውን አይበቃም። ሰባ ኩንታል ማለት 7,000 ኪሎ ነው፤ ከአንድ አነስተኛ አይሱዙ ጭነት ይበልጣል። በየመቶ ሜትሩ አሥር ሜትር በሚወጣ ዳገት ላይ ይህ ክብደት ወደ ኋላ የሚስበው በ700 ኪሎ ያህል ጉልበት ነው። በየሦስት ሜትሩ አንድ ሜትር በሚወጣ ዳገት ላይ ግን ይህ ወደ 2,200 ኪሎ ያድጋል። በዚህ ላይ የሠረገላው የራሱ ክብደት፣ ድንጋይ ላይ የሚንገጫገጭ መንኮራኩር፣ የሚሰምጥ አፈር አለ። መድፉን ለመጎተት 500 ያህል ሰው ይሰለፍ እንደነበር የዘመኑ ጸሐፊዎች መዝግበዋል።

አምስት መቶ ሰው ለዚህ ጉልበት ከበቂ በላይ ይመስላል። ችግሩ የሚመጣው ጠመዝማዛው ላይ ነው። ጎታቾቹ በአራት ገመድ ቢከፈሉ በእያንዳንዱ ገመድ 125 ሰው ይሆናል፤ በሜትር አንድ ሰው ቢቆም እንኳ ሰልፉ ከመቶ ሜትር ይበልጣል። መንገዱ ከዚያ ባነሰ ርቀት ከታጠፈ ፊተኞቹ መታጠፊያውን አልፈዋል፣ መድፉ ገና ከታች ነው። ፊተኞቹ በሳቡ ቁጥር ገመዱ መታጠፊያውን ቆርጦ ቀጥ ማለት ይፈልጋል፤ ሠረገላውን ወደ ገደሉ አፍ ያዞረዋል። ለዚህ ነው ለበቅሎ የሚበቃ ጠባብ መንገድ ለመድፍ የማይሆነው። መታጠፊያው ሰፊ፣ ዳገቱ ለስላሳ፣ ወለሉ ወደ ገደል ያላዘመመ መሆን አለበት። ይህን ሁሉ ከዐለት ላይ በዶማና በባሩድ መጥረብ ነው።

ሽቅብ ሲወጣ ትልቁ አደጋ የገመድ መበጠስ ነው። ጎታቾቹ ትንፋሽ ሲወስዱ መንኮራኩሩ ሥር ወዲያው ታኮ ካልገባ ሠረገላው ከኋላ ባሉት ላይ ይመለሳል። ቁልቁለቱ ግን ከዚያ ይከፋል። እዚያ ሰው ከፊት ሆኖ አይስብም፤ ከኋላ ሆኖ ይይዛል። ገመዱ በዛፍ ግንድ ወይም በቋጥኝ ዙሪያ ተጠምጥሞ በጥቂት በጥቂቱ ይለቀቃል፤ የመድፉን ጉልበት የሚበላው በገመዱና በግንዱ መካከል ያለው መፋተግ ነው። አንድ ዙር መጠምጠም ጥቂት ሰዎች ብዙ ክብደት እንዲይዙ ያደርጋል፤ ሁለት ዙር ደግሞ ይበልጥ። ዛሬም ፎቅ ላይ ከባድ ዕቃ የሚያወርዱ ሠራተኞች ገመዱን በምሰሶ ዙሪያ የሚያዞሩት በዚሁ ምክንያት ነው። ደጋው ላይ ግን ዛፍ በተፈለገበት ቦታ ሁሉ አይገኝም። ዛፍ በሌለበት ሰው ራሱ ምሰሶ ይሆናል።

ጋይንትና ጨጨሆ ገና መጀመሪያው ነበሩ። ከዋድላ ደጋ ጫፍ ከቤተ ሖር ወደ ጅጣ ወንዝ መውረድ አለ፤ ሸለቆው ከ1,000 ሜትር በላይ ይጠልቃል። ከጅጣ ወደ ደላንታ መውጣት አለ። ከደላንታ እንደገና ያንኑ ያህል ወደ በሽሎ መውረድ፣ ከበሽሎ ወደ መቅደላ መውጣት ይቀራል። በአንድ ቁልቁለት መድፉን ለማሳለፍ መጀመሪያ መንገዱ ይቆረጣል፣ ከዚያ ሰፈሩ ይነሣል፣ ከዚያ ሠረገላዎቹ ተራ በተራ ይለቀቃሉ። ዛሬ መኪና በአንድ ቀን የሚጨርሰው ጉዞ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ወሰደ።

ንጉሡ ራሳቸው ከማለዳ ጀምሮ ድንጋይ እያነሡ፣ መንገድ እየጠረጉ ይውሉ እንደነበር በቅርብ ያዩ አውሮፓውያን ጽፈዋል። ንጉሥ ድንጋይ ሲሸከም ቆሞ የሚያይ መኳንንት ሊኖር አይችልምና ሁሉም ይሠራ ነበር። በዚህ ታሪክ ውስጥ እጅግ የሚማርከው ይህ ነው፤ የእጅ ሥራ በሚናቅበት፣ ብረት ቀጥቃጭ በቡዳነት በሚታማበት አገር ዘውድ የጫነ ሰው ዶማ መያዙ።

ዋጋው ግን መዘንጋት የለበትም። መንገዱን የሠራው ሠራዊት የሚበላው ከገበሬው ጎተራ ነበር። በጌምድር ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት በዘረፋና በእሳት ተጎድቷል፤ ጉዞው ባለፈበት አገርም ሕዝቡ ለንጉሡ ጀርባውን ሰጥቶ ነበር። የተራበ ወታደር ሌሊት ይከዳል። በጋይንትና በዋድላ ዳገት ላይ ገመድ ሲስቡ የወደቁትን ማንም አልቆጠራቸውም። የመድፉን ጉዞ ማድነቅና የእነዚህን ሰዎች መከራ ማሰብ አብረው ሊሄዱ ይገባል፤ አንዱ ሌላውን ሊሸፍነው አይገባም።

በዚሁ ወራት ከዙላ የባሕር ዳርቻ የተነሣው የእንግሊዝ ጦር ተመሳሳይ ችግር ነበረበት፤ መፍትሔው ግን ሌላ ነው። ጄኔራል ናፒየር ከሕንድ 44 ዝሆኖች አስመጥተው የአርምስትሮንግ መድፎችን ጫኑባቸው። ትንንሾቹ የተራራ መድፎች ደግሞ ተፈታትተው አፈሙዙ በአንድ በቅሎ፣ እግሩ በሌላ በቅሎ የሚጫኑ ነበሩ። ሥፍራው ሲደርሱ በደቂቃዎች ውስጥ ይገጠማሉ። ሴባስቶፖል አይፈታም፤ አንድ ወጥ ነው። እንግሊዞች መሣሪያውን ለመንገዱ አስማሙት፤ ቴዎድሮስ መንገዱን ለመሣሪያው አስማሙት።

አሳዛኙ ነገር የናፒየር ጦር ከዋድላ ወደ ጅጣና ወደ በሽሎ የወረደው ንጉሡ ባስጠረጉት በዚያው መንገድ መሆኑ ነው። ከጦሩ ጋር የነበረው የጂኦግራፊ ሊቅ ክሌመንትስ ማርክሃም መንገዱን አይቶ የሠራውን ሰው ጽናት በአድናቆት ጽፏል። ከጠላት ወገን የመጣ ምስክርነት ነውና ክብደቱ ትልቅ ነው።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በስቅለት ዕለት፣ እሮጌ ሜዳ ላይ ውጊያው ተጀመረ። የንጉሡ መድፎች ከላይ ከፋላ ኮረብታ ይተኩሱ ነበር። ከፍታ ለመድፍ ሁልጊዜ ጥቅም አይደለም፤ ከላይ ወደ ታች ዒላማን መለካት ልምምድ ይጠይቃል፤ ብዙዎቹ ጥይቶች ከእንግሊዞች ራስ በላይ አለፉ። በንጉሡ ስም «ቴዎድሮስ» የተባለው ትልቁ መድፍ ባሩድ በዝቶበት ፈነዳ። ሴባስቶፖልም የዕለቱን ውጤት አልቀየረም። ከኢትዮጵያውያን በኩል ወደ 700 ሰው ሞተ፤ ከእንግሊዞች የሞቱት ሁለት ናቸው። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሚያዝያ 6፣ መቅደላ ተያዘ፤ ንጉሡም እጅ ላለመስጠት ሽጉጣቸውን በራሳቸው ላይ ተኮሱ።

እንግሊዞች ከመቅደላ የዘረፉትን መጽሐፍ፣ ዘውድ፣ ጽዋና ልብስ 15 ዝሆኖችና 200 ያህል በቅሎዎች ተሸክመው ደላንታ ሜዳ ላይ አወረዱት፤ እዚያም በሐራጅ ተሸጠ። ሴባስቶፖል ግን ዛሬም እዚያው መቅደላ ነው። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የቆመው ቅጂው ነው፤ ብዙ ሰው መድፉን የሚያውቀው በዚያ ነው።

ለመድፉ ሐውልት ቆሞለታል፤ ለመንገዱ እስካሁን የሚገባውን ያህል አልተደረገም። ከጋፋት ተነሥቶ በጉና ሥር፣ በነፋስ መውጫ፣ በጨጨሆና በቤተ ሖር የሚያልፈው መስመር በአርኪዮሎጂና በመንገድ ሥራ ባለሙያዎች በእግር ሊጠና ይገባዋል። የተቆረጠው ዐለት የት እንዳለ፣ አስፋልቱ የት ላይ እንደሸፈነው፣ አሮጌው መታጠፊያ ከአዲሱ የት እንደሚለይ ተለክቶ በካርታ ላይ ቢሰፍር የጋይንት ተማሪ ከመማሪያ ክፍሉ ወጥቶ በግማሽ ቀን የሚያየው ትምህርት ይሆናል። የቃል ታሪክ የሚነግሩ አረጋውያን በሕይወት ሳሉ መጀመር ያለበት ሥራ ነው፤ ለመነሻም ጨጨሆ ከዋናው መንገድ ዳር ስለሆነ ይቀርባል።