ጣሪያ ያለው ገበያ

ደብረ ማርቆስ ላይ በሐምሌ ገበያ የወጣ ሰው ስለ ዋጋው ሳይሆን ስለ ጭቃው ያወራል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ደገኛ ናት፤ ክረምቷ አይቀልድም። ሻጩ ሸራ ወጥሮ ይንቀጠቀጣል፣ ሸማቹም ያሰበውን ግማሹን ገዝቶ ወደ ቤቱ ይሮጣል። ሞል የሚባለው ነገር መጀመሪያ የተሠራው ለዚሁ ዓይነት ችግር ነው።

አሜሪካ ውስጥ፣ በረዶ በሚበዛባት በሚኒሶታ ግዛት፣ እ.ኤ.አ. በ1956 ሳውዝዴል የሚባል የገበያ ማዕከል ተከፈተ። ንድፉን ያወጣው ቪክቶር ግሩን ነው፤ ናዚዎች ኦስትሪያን ሲይዙ በ1938 ከቪየና የተሰደደ አይሁዳዊ አርክቴክት። ሱቆቹን ሁሉ በአንድ ጣሪያ ሥር ሰብስቦ ውስጡን በበጋም በክረምትም 24 ዲግሪ አካባቢ እንዲሆን አደረገ። መሐሉን ግን ለሱቅ አልሰጠውም። ሰፊ አደባባይ አድርጎ ተወው፤ ዛፍ ተተከለበት፣ ወፎች ገቡበት፣ መቀመጫ ተደረደረበት። ሰውየው የናፈቀው የቪየናን አደባባይ ነበር።

የሞል ብልሃት ከእኛ ገበያ ጋር ሲተያይ ይገባል። እኛ ዘንድ ዕቃ በተራ ይቀመጣል፤ እህል ተራ፣ በርበሬ ተራ፣ ከብት ተራ። ገዢው ከአንዱ ሻጭ ወደ ጎረቤቱ እያለ ዋጋ ያወዳድራል፣ ይከራከራል፣ ገዝቶ ይሄዳል። ሞል ይህንን ተራ ሆን ብሎ ያፈርሳል። ስመ ጥር የሆኑትን ሁለት ትልልቅ መደብሮች በሁለት ጫፍ ያስቀምጣል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄድ ሰው በትንንሾቹ ሱቆች ደጃፍ ማለፉ ግድ ነው። ትልልቆቹ ሰው ስለሚስቡ ኪራያቸው ይቀንስላቸዋል፤ ልዩነቱን የሚሸፍነው ትንሹ ሱቅ ነው። ሲኒማውና ምግብ ቤቱ አብዛኛውን ጊዜ ላይኛው ፎቅ የሚሆኑትም እንግዳው ሲወጣም ሲወርድም ሱቆቹን እያየ እንዲያልፍ ነው።

የታይዋኗ ሺንጁም የዚሁ ዘዴ ተጠቃሚ ናት። "የነፋስ ከተማ" ይሏታል። በ1980 የቴክኖሎጂ ፓርክ ተቋቋመባት፤ በ2012 ደግሞ ቢግ ሲቲ የተባለው ግዙፍ ሞል ተከፈተ። የፓርኩ መሐንዲስ ከነቤተሰቡ የዕረፍት ቀኑን ነፋስ ሳይነካው የሚያሳልፈው እንዲህ ባለ ቦታ ነው። አዲስ አበባም ደምበልን በቦሌ መንገድ፣ ኤድና ሞልን ከነሲኒማው በቦሌ መድኃኔ ዓለም አይታለች።

ገበያን ከመዝናናት ጋር ማዋሃድ ግን ለጎጃም አዲስ ነገር አይደለም። ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ፣ የጁቤ አጠገብ የነበረው የባሶ ገበያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከአገሩ ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ነበር። ቡናው፣ ወርቁ፣ ዝባዱና የዝሆን ጥርሱ ከአባይ ማዶ ይመጣል፤ አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ ይቆጠራል። ሰውም እንደ ዕቃ ይሸጥበት ነበር፤ ይህንን ዘልሎ ስለ ባሶ ማውራት አይገባም። በ1840ዎቹ መጀመሪያ በአካባቢው የተቀመጠው እንግሊዛዊው ቻርለስ ቢክ ስለ ገበያው ጽፎ አልፏል። ዛሬም ቢሆን የገበያ ቀን ለመግዛትና ለመሸጥ ብቻ የሚወጣ ጎጃሜ ጥቂት ነው፤ ዘመድ ይጠየቃል፣ ለሽምግልና ይቀጣጠራል፣ ጠላ ይቀመሳል፣ ወሬ ይለዋወጣል።

በየከተሞቻችን "ሞል" የሚል ስም የሚለጠፍባቸው ብዙዎቹ ሕንፃዎች የጎደላቸው ይኸው ነው። ከምድር ቤት እስከ ላይ በጠባብ ሱቅ ተሸንሽነው፣ አንዲት አሮጊት ዘንቢላቸውን አኑረው የሚያርፉበት አግዳሚ እንኳ የላቸውም። ግሩን ራሱ በስተርጅናው፣ በ1978፣ የፈጠረውን ነገር በአደባባይ ካደ፤ ባለሀብቶች ሱቁን ወስደው ቀሪውን ጥለውብኛል ባይ ነበር። ስለዚህ ደብረ ማርቆስ ላይ ሕንፃ የምታቆሙ ባለሀብቶች ሆይ፣ የምድሩን ወለል መሐሉን ባዶ ተዉት፤ አግዳሚ አድርጉበት፣ ቡና ይፈላበት። ክረምቱ ራሱ ሰዉን ያመጣላችኋል።