ኒኩድ ያለበት መደርደሪያ

በቃታሞኒም ኪታ ቤት የደረሰ ልጅ ሲፍሪያ ሲገባ የሥዕል መጽሐፍ የሕፃን ይሆንበታል፤ ወፍራሙ ደግሞ ያስፈራዋል። እዚህ ላይ ንባብ የሚተው ልጅ አለ።

ለዚህ ዕድሜ የሚሆኑት መጻሕፍት በእስራኤል ቤተ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ «ረሺት ክሪአ»፣ የንባብ መጀመሪያ፣ ተብለው ለብቻ ይደረደራሉ።

ዕብራይስጥ የማያነቡ አያቶችም በዓይናቸው ይለዩዋቸዋል። ፊደሉ ትልቅ፣ ምዕራፉ አጭር ነው፤ በየመሀሉ ሥዕል አለ። ዋናው ምልክት ግን ኒኩድ፣ በአብዛኛው ከፊደሉ ሥር ያለው ነጥብና ሰረዝ ነው። የአማርኛ ፊደል በ፣ ቡ፣ ቢ ሲል ቅርጹ ራሱ ድምፁን ይናገራል፤ በዕብራይስጥ ይህን የሚናገረው ኒኩድ ነው። በትልልቆች መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ አይኖርም።

ከመዋስ በፊት ልጁ አንድ ገጽ ጮክ ብሎ ያንብብ። በየቃሉ ከተደናቀፈ ቀለል ያለ ይፈለግለት።