ያልተፈታው የካፕላንስኪ ስድስተኛ ግምት

ጎኖቹ እኩል የሆኑ ሦስት ማዕዘንን እንመልከት። በማዞርና በመገልበጥ ከራሱ ጋር የምንገጥምባቸው 6 መንገዶች አሉ፤ እነርሱም በአንድነት ግሩፕ ይባላሉ። ግሩፑን በማትሪክስ ስንወክለው፣ ከዚያ በላይ የማይከፋፈሉ ሦስት ዓይነት ውክልናዎች እናገኛለን። ዳይሜንሽናቸው 1፣ 1 እና 2 ነው። የካሬዎቻቸው ድምር 6 ሲሆን፣ እያንዳንዳቸውም 6ን ያለ ቀሪ ያካፍላሉ። አካፋይነቱ ለማንኛውም ውሱን ግሩፕ እንደሚሠራ ፍሮቤኒየስ አረጋግጧል።

የሆፕፍ አልጀብራ የግሩፕን ሐሳብ ያሰፋል፤ በፊዚክስ የምንጠቀምባቸው ኳንተም ግሩፖችም ከዚሁ ወገን ናቸው። ኢርቪንግ ካፕላንስኪ እ.ኤ.አ. በ1975 ይኸው ሕግ ዳይሜንሽናቸው ውሱን ለሆነና ውክልናዎቻቸው ሁሉ ወደማይከፋፈሉት ለሚተነተኑ የሆፕፍ አልጀብራዎችም እንደሚሠራ ገመተ።

በኮምፕሌክስ ቁጥሮች ላይ ስንሠራ የካሬዎቹ ድምር እዚህም ከጠቅላላው ዳይሜንሽን ጋር እኩል ነው። ይህ ግን ብቻውን አይበቃም፤ የ1 እና የ2 ካሬዎች ድምር 5 ቢሆንም፣ 2 ግን 5ን ያለ ቀሪ አያካፍልም። ዮንግቻንግ ዡ እ.ኤ.አ. በ1994 ዳይሜንሽኑ ብቸኛ ቁጥር የሆነ የሆፕፍ አልጀብራ ከግሩፕ የተገኘ ብቻ መሆኑን በማሳየት ይህን በር ዘጋ። ኤቲንጎፍና ገላኪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1998 የያንግና ባክስተርን እኩልነት የሚያሟላ አር-ማትሪክስ ላላቸው ግምቱን አረጋገጡ። በጠቅላላው ግን እስከ ዛሬ አልተፈታም።

ችግሩ ምንድን ነው? የፍሮቤኒየስ ማረጋገጫ የግሩፑን አባላት በየምድባቸው ይደምራል። በሆፕፍ አልጀብራ ግን እንዲህ የሚመደቡና የሚቆጠሩ አባላት ላይኖሩ ይችላሉ። እንግዲህ የምንፈልገው አባላትን ሳይቆጥር አካፋይነትን የሚያስረዳ አዲስ ምክንያት ነው።