ሽቦ የሚጎትተው ጀግና

ሰሞኑን «ዘ ኸርት ሎከር»ን እንደገና አየሁት። ላላያችሁት፣ ባግዳድ ውስጥ ቦምብ የሚያመክኑ ሦስት የአሜሪካ ወታደሮች ታሪክ ነው። ካትሪን ቢግሎው እ.ኤ.አ. በ2010 በምርጥ ዳይሬክተርነት ኦስካር የወሰደች የመጀመሪያዋ ሴት የሆነችው በዚህ ፊልም ነው፤ ፊልሙ በጠቅላላ ስድስት ኦስካር አግኝቷል።

የአሁኑ እይታ ግን ለየት ያለ ነበር። አብረውኝ ያዩት የደብረ ታቦር ጎረቤታችን፣ በደርግ ጊዜ መሐንዲስ ክፍል ያገለገሉ ጋሼ ናቸው። ሳጅን ጄምስ አፈሩን ጠርጎ ሽቦውን ወደ ላይ ሲስበው፣ ዙሪያውን የተቀበሩት ቦምቦች ብቅ ብቅ የሚሉበት ትዕይንት አለ። እኔ ትንፋሼን ውጬ ስጠብቅ ጋሼ ሳቁ። «አንተ ልጅ፣ ሌላው ጫፍ ምን ላይ እንደታሰረ ሳያውቅ ሽቦ የሚጎትት ሰው እኛ ጋ አንድ ቀን አያድርም!» ፊልሙ ሲወጣ አሜሪካውያን ባለሙያዎችም ቅሬታቸው ይኸው ነበር፤ በሙያው እንዲህ ያለ ደፋር ለጓደኞቹ ጠንቅ ነው።

ወደ እውነቱ የሚቀርበው የፊልሙ መጀመሪያ ነው። ሮቦት ይላካል፤ የሚጎትተው ጋሪ ጎማ ይሰበራል፤ ከዚያ በኋላ ነው ሰው ያንን ከባድ ልብስ ለብሶ የሚሄደው። ሰው መጨረሻ ነው።

እኛ ጋ ግን ሰው መጀመሪያ ነው፤ ያውም እረኛና አራሽ። ነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ወደ ጋይንት ዘልቆ ነፋስ መውጫ በሕወሓት ተዋጊዎች እጅ ስትገባ፣ ወቅቱ ክረምት፣ መሬቱም ጭቃ ነበር። ጋሼ ያስረዱኝን ላካፍላችሁ። የሞርታር ጥይት የሚፈነዳው አፍንጫው ላይ ያለው ፊውዝ ጠንካራ ነገር ሲመታ ነው። ጭቃ ላይ ሲወድቅ ሰምጦ ሊቀር ይችላል። ሆኖም ሲተኮስ መጠበቂያው ተከፍቷል፤ ስለዚህ መሬት ውስጥ የተኛው ነገር ሳጥን ውስጥ ካለው ጥይት እጅግ የከፋ ነው። የቀረችው ትንሽ ንቅናቄ ናት። ማረሻ ልትሆን ትችላለች፣ ድንች የሚቆፍር ዶማም ልትሆን ትችላለች።

ሌላው ጣጣ ብረት መውደዳችን ነው። (የአፄ ቴዎድሮስ መድፍ ሴባስቶፖል የተሠራው እዚሁ ጋፋት አይደል!) ባዶ የመድፍ ቀለህ ዛፍ ላይ ተሰቅሎ እንደ ደወል የሚመታበት ትምህርት ቤት አይቻለሁ። ድምፁ ያምራል፣ ነውርም የለበትም፤ ቀለህ ባዶ ነው። ግን በየቀኑ በዚያ ድምፅ የሚሰለፍ ልጅ ያንን መሳይ ብረት ሜዳ ላይ ሲያገኝ ምን ብሎ ይፈራዋል? ብረት ደግሞ በኪሎ ይሸጣል።

ሀገራችን ሙያው አልጠፋባትም። ከኤርትራው ጦርነት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2001 ራሱን የቻለ ፈንጂ አምካኝ መሥሪያ ቤት ተቋቁሞ ትግራይ፣ አፋርና ሶማሌ ውስጥ ሠርቷል። የእጅ አመካከኑን ፊልም ቢሠሩት ማንም ቁጭ ብሎ የሚያይ አይመስለኝም። በአንድ ሜትር ስፋት መስመር ውስጥ ተንበርክኮ፣ ብረት ጠቋሚው መሣሪያ በጮኸበት ቦታ መውጊያውን አጋድሞ አፈሩን ቀስ እያሉ መፈተሽ ነው። ከላይ ቀጥ አድርጎ የሚወጋ ሰው የፈንጂውን አናት ይጫናል፤ በስተጎን የሚመጣ ግን ወገቡን ይነካል። ያልፈነዳ የከባድ መሣሪያ ጥይት ሲገኝ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይፈታም፤ ሰው ይርቃል፣ እዚያው ባለበት ከሩቅ ይፈነዳል።

ስለዚህ የጋይንት፣ የፋርጣ፣ የጉና ዙሪያ ቤተሰቦቼ፦ አትንኩት፣ ድንጋይ አትወርውሩበት፣ እሳት አታንድዱበት። በመጣችሁበት ዱካ ተመለሱ፤ ከሩቅ ምልክት አድርጋችሁ ለቀበሌ ወይም ለፖሊስ ንገሩ። አሮጌ ብረት የምትገዙም፣ ልጅ ከሜዳ ያመጣውን አትቀበሉ፤ «እዚያው መልሰው» ብላችሁም እንዳትልኩት፤ ካስቀመጠበት ሳይነካ ሁላችሁም ራቁና አስታውቁ።