የኪራይ ቤት መጋረጃ ያለ ምስማር

ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ የያዘ ወጣት አንድ ክፍል ቤት በተከራየ ጊዜ፥ ከአልጋውና ከጠረጴዛው ቀጥሎ የሚያሳስበው መስኮቱ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ስለሆነች ፀሐይዋ ብርቱ ናት። መስኮቱ ወደ ምሥራቅ ያየ እንደሆነ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ እንቅልፍ የለም። ማታ ደግሞ መብራት ሲበራ፥ በደጅ የሚያልፍ ሁሉ የቤቱን ገመና ያያል። ስለዚህ መጋረጃ የጌጥ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ነገር ግን ብዙ ሰው መጋረጃ ባሰበ ቁጥር መዶሻ ያነሣል። ይህ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። የጭቃ ግድግዳ ከሆነ፥ ምስማሩ ማገሩን ከሳተ ጭቃውን ይዞ ይወድቃል። ብሎኬት ከሆነ ውስጡ ክፍት ነውና ልስኑ ይሰነጠቃል። አከራዩም ለፍቶ የሠራው ግድግዳ ሲበሳ ቢያዝን አይፈረድበትም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል፤ እንግዲህ ግድግዳውን ስለ መንካት አስቀድሞ ተነጋግሮ በውሉ ማስፈር ለሁለቱም ወገን ይበጃል።

ያለ ምስማር ለመስቀል አስቀድሞ መስኮቱን መመርመር ነው። መስኮቱ ወደ ግድግዳው ገባ ያለ እንደሆነ፥ በውስጡ ሞላ ያለው ዘንግ ይበቃል። ዘንጉን ከመስኮቱ ወርድ ሁለት ወይም ሦስት ሳንቲ ሜትር አስረዝሞ፥ ጨምቆ በሁለቱ ጠርዝ መካከል ማስገባት ነው፤ የሚይዘው በግፊቱ ነው። ጠርዙ የሚፈረፈር ከሆነ በጫፎቹ ሥር ቁራጭ ጎማ ይደረግ። ጨርቁም ቀላል ይሁን፤ ከባድ ጨርቅ ዘንጉን ያንሸራትተዋል።

በውስጥ በኩል የብረት ፍርግርግ ካለ ሥራው ከዚህም ይቀላል፤ ቀጭን ሽቦ ከዳር እስከ ዳር ወጥሮ አስሮ ጨርቁን በቀለበት ማንጠልጠል ነው። የመስኮቱ ክፈፍ ብረት ከሆነ ማግኔት ያለው መስቀያ ይይዛል፤ አሉሚኒየም ከሆነ ግን አይይዝም።

የሚጣበቅ መስቀያ የሚያገለግለው በዘይት ቀለም በተቀባ ልሙጥ ግድግዳ ወይም በመስተዋት ላይ ነው። ቦታው ተጠርጎ በደንብ ይድረቅ። በኖራ ላይ የተለጠፈ ግን ኖራውን ልጦ ይወርዳል። ገንዘብ ያጠረው ተማሪም አንብቦ የጨረሰውን ጋዜጣ በመስተዋቱ የታችኛው እኩሌታ ላይ በዱቄት ሙጫ ቢለጥፍ፥ ከላይ ብርሃን ይገባለታል፤ ከታች ገመናው ይሸፈንለታል፤ ሲለቅም በውሃ አርሶ ያነሣዋል።

መጋረጃው ከሻማና ከምድጃ ይራቅ። ከሰል በሚነድበት ቤትም መጋረጃ ተጋረደ ተብሎ መስኮት አይዘጋ፤ ጭሱ ባይታይም ይገድላል።

ተከራይ አንድ ቀን ይለቃል። ግድግዳውን እንደ ተረከበው ያስረከበ ሰው ግን ከአከራዩ ጋር በምርቃት ይለያያል፤ ለሚቀጥለው ቤትም ዋሱ ይኸው መልካም ስሙ ነው።