ያውቁ ኖሯል? ፒክአፕ ከመግዛትዎ በፊት

አትላስ አካባቢ መኪና ሊገዛ የወጣ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ቀለሙና ቸርኬው ላይ ነው። ደብል ጋቢና ፒክአፕ ግን የሚገዛው ለአሥርና ለአሥራ አምስት ዓመት አገልግሎት ነው። ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት እነዚህን ይወቁ።

• አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በሩብ ያህል ዝቅ ይላል። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን ወይም ከዚያም በላይ ያጣል። ቱርቦ አየሩን አምቆ ስለሚያስገባ ጉድለቱን አብዛኛውን ይሸፍናል። ጭነት ይዞ እንጦጦን ለሚወጣ ሰው ልዩነቱ ግልጽ ነው።

• በዚሁ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴልሲየስ አካባቢ ነው። የራዲያተር ክዳን ግፊት ይዞ ውኃው ቶሎ እንዳይፈላ ያደርጋል። ላስቲኩ ያረጀ ክዳን በትንሽ ብር ይቀየራል፤ በሱ ምክንያት የተቃጠለ ሞተር ግን ብዙ ያስወጣል።

• ቶዮታ ሃይሉክስ ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። ላንድክሩዘር 70 ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ መሠረታዊ ቅርጹን እንደያዘ እየተመረተ ነው። ለዓመታት የተሠራበት 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተር ቱርቦ የለውም፤ ጉልበቱም በመጠኑ ነው። የተወደደው ገጠር ውስጥም ቢሆን በቀላል መሣሪያ ስለሚጠገን ነው።

• በአሜሪካ የፎርድ ኤፍ ፒክአፖች እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ በሽያጭ መሪነታቸውን ለማንም አልለቀቁም። ባለ አራት በሩ ኤፍ-150 ርዝመቱ 5.9 ሜትር ገደማ ሲሆን ስፖኪዮው ሳይቆጠር ወርዱ ከ2 ሜትር ያልፋል። ሃይሉክስ 5.3 ሜትር ገደማ ነው። ግዝፈቱ ቢማርክዎም፣ መለዋወጫው ሶማሌ ተራ ውስጥ እንደ ሃይሉክስ በየሱቁ አይገኝም።

• የዛሬዎቹ የናፍጣ ሞተሮች ነዳጁን ወደ ሲሊንደር የሚረጩት ከ1,500 ባር በላይ በሆነ ግፊት ነው። ውኃ ወይም ቆሻሻ የገባበት ናፍጣ ፓምፑንና ኖዝሉን ይበላል። በብዙ ፒክአፖች የናፍጣ ፊልትሮ ግርጌ ትንሽ የማፍሰሻ ብሎን አለች። ውኃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ከታች ይጠራቀማል፤ ብሎኗን ላላ ሲያደርጓት ቀድሞ የሚወርደው እሱ ነው። በበርሜል የተቀመጠ ናፍጣ የሚጠቀም ሰው ይህችን ብሎን ሊረሳት አይገባም።

• ለአውሮፓ ገበያ የተሠራ ዘመናዊ ናፍጣ ፒክአፕ ጭስ ማውጫው ላይ የጥላሸት ማጣሪያ ተገጥሞለታል። ማጣሪያው የታሰበው የድኝ መጠኑ ከ10 ፒፒኤም ለማይበልጥ ነዳጅ ነው። ጥላሸቱን አቃጥሎ የሚያጸዳው ደግሞ ረጅም መንገድ ሲነዳ ነው። ከቦሌ መገናኛ ብቻ የሚመላለስ መኪና ማጣሪያው ቶሎ ይደፈናል።

• በቀድሞዎቹ 2.5 እና 3.0 ሊትር የሃይሉክስ ናፍጣ ሞተሮች ላይ የነበረው ታይሚንግ ቤልት በ2.4 እና 2.8 ሊትሮቹ ላይ በሰንሰለት ተተክቷል። ቤልቱ በጊዜው ሳይቀየር ቀርቶ ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ።

• ሻንሲ ቁጥር 17 ፊደልና አኃዝ አለው። የሃይሉክስ ቁጥር በ«ኤምአር» ከጀመረ ታይላንድ፣ በ«ኤኤች» ከጀመረ ደቡብ አፍሪካ ተመርቷል ማለት ነው። ሰነዱ ላይ የተጻፈውን ብረቱ ላይ ከተመታው ጋር አንድ በአንድ ያስተያዩ።

• ጎማው ጎን ላይ «ዶት» ከሚለው ቀጥሎ የሚገኙት የመጨረሻ አራት አኃዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ። 2321 ማለት እ.ኤ.አ. የ2021 ሃያ ሦስተኛ ሳምንት ነው። ዜሮ ኪሎ ሜትር የተባለው መኪና ስንት ዓመት ቆሞ እንደኖረ ጎማው ፍንጭ ይሰጥዎታል።

• ኢትዮጵያ እስከ ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ድረስ በግራ መስመር ነበር የምትነዳው። ዛሬ በቀኝ ስለምንነዳ መሪው በግራ መሆን አለበት። ከሞተሩ ጀርባ ባለው ላሜራ ላይ አዲስ ብየዳ ካዩ፣ መሪው ከቀኝ ወደ ግራ ተዛውሮ እንደሆነ ይጠይቁ።

• የፒክአፕ የኋላ ባሌስትራ የሚሠራው ወደ አንድ ቶን ለሚጠጋ ጭነት ነው። ባዶውን ሲሄድ የሚያነጥረው ለዚህ ነው፤ የኋላ ጎማው በዝናብ አስፋልት ላይ በቀላሉ የሚንሸራተተውም ለዚሁ ነው።

• በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገለ መኪና ዕድሜው በጨመረ ቁጥር ታክሱም እንዲጨምር አድርጓል። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው የተገለጸው ደግሞ በ2016 ዓ.ም. ነው። ከውጭ ለማስመጣት ካሰቡ የመረጡት ፒክአፕ መግባት መቻሉን አስቀድመው ከጉምሩክ ኮሚሽን ያረጋግጡ።

• ሞኤንኮ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው፤ ለረጅም ዓመታትም የቶዮታ ወኪል ሆኖ ኖሯል። ኒሳንን ኒያላ ሞተርስ፣ አይሱዙን ካኪ ሞተርስ ይዘውታል። ወኪል ያለው መኪና ሰርቪስና መለዋወጫ አያሳጣም። በሌላ በኩል የገባ መኪና ግን የፋብሪካው ዋስትና እዚህ መሥራት አለመሥራቱን በጽሑፍ ይጠይቁ።

• የአምራቾቹ መመሪያ መጽሐፍ አቧራን፣ ከባድ ጭነትንና አጭር ምልልስን «አስቸጋሪ ሁኔታ» ብሎ ይመድባል፤ ዘይትና ፊልትሮም ቶሎ ቶሎ እንዲቀየር ያዛል። ከአዲስ አበባ ፒክአፖች ብዙዎቹን ሦስቱም ይመለከቷቸዋል።

ረጅም ዕድሜ ያለው ፒክአፕ ከፍታችንን የሚችል፣ ናፍጣችን የሚስማማው፣ መካኒክና መለዋወጫም በቅርብ የሚገኝለት ነው። ሻጩ ለእነዚህ ሦስቱ ጥርት ያለ መልስ ካልሰጠዎት ዋጋው ቢቀንስም ቀብድ አይክፈሉ።