ሳይሰበር የሚሞት አጥንት

አጥንት ሕያው አካል ነው፤ የሚመገበውም በደም ነው። ወደ ጭን አጥንት ራስ የሚደርሱት የደም ሥሮች ጥቂትና ቀጫጭን ስለሆኑ፣ ፍሰቱ ሲቋረጥ አጥንቱ ይሞታል፤ ውሎ አድሮም ክቡ ራስ ይደረመሳል። ያለ መውደቅና ያለ ስብራት ይህ በዳሌ፣ አንዳንዴም በትከሻ ይደርሳል። ከዋና ዋና መንስኤዎቹ መካከል እንደ ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞን ያሉትን መድኃኒቶች በብዛት ወይም ለረጅም ጊዜ መውሰድና የአልኮል መጠጥ ማብዛት ይገኙበታል።

የዳሌው ሕመም ብዙ ጊዜ ብሽሽት ላይ ይጀምራል፤ ጉልበት ላይም ስለሚሰማ ያሳስታል። በመጀመሪያው ደረጃ ራጅ ምንም ላያሳይ ይችላል፤ ኤምአርአይ ግን ያሳያል። ራሱ ሳይደረመስ ከተደረሰበት አጥንቱን ለማትረፍ የሚሞከር ሕክምና አለ፤ ከተደረመሰ በኋላ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚቀረው መገጣጠሚያውን በሰው ሠራሽ መተካት ነው።

ስለዚህ ለአስም ወይም ለሌላ ሕመም እነዚህን መድኃኒቶች ሲወስድ የቆየ ምእመን መስገድና ቆሞ ማስቀደስ ሲሳነው፣ ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት በስንፍና ሳይተረጉሙ ወደ ሆስፒታል እንዲልኩት እናሳስባለን። መድኃኒቱን ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ በድንገት አያቋርጥ፤ ይህም ራሱ አደገኛ ነው። እስከዚያው መቋሚያውን ከታመመው ዳሌ በተቃራኒው እጅ ይያዝ፤ ብዙዎቻችን የምንይዘው በተገላቢጦሽ ነው።